‹‹ቀላል ጉዳት ነው››

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ደጋፊ በዓመት ሁለት ጊዜ ውሸት ይነገረዋል። የመጀመሪያው በነሐሴ ነው፤ ‹‹ቡድናችን ዘንድሮ በጣም ተጠናክሯል›› ይባላል። ሁለተኛው በጥቅምት ነው፤ በክረምቱ ስንት የተወራለት አዲስ ፈራሚ ለምን አልተሰለፈም ብሎ ሲጠይቅ ‹‹ቀላል ጉዳት ነው፣ ለጥንቃቄ ነው ያሳረፍነው›› ይባላል። የመጀመሪያውን ለምደነዋል፤ እንዲያውም እንወደዋለን፤ የጅማ ክረምት ያለሱ አይገፋም። ዛሬ ልናወጋችሁ የፈለግነው ስለ ሁለተኛው ነው።

ለማታውቁን እንተዋወቅ። የሰቶ ሰመሮ ልጆች ነን። ሰቶ ሰመሮ ጅማ ከተማ ውስጥ ያለች ቀበሌ ናት። ጋዜጠኝነት ከተመረቅን ወዲህ ‹‹እና አሁን የት ገባችሁ?›› የሚለውን የጎረቤት ጥያቄ በፈገግታ እናልፋለን። ‹‹ሴት ልጅ ስለ ኳስ ምን ታውቃለች?›› የሚለውን ግን በፈገግታ አናልፍም። ከልጅነታችን ጀምሮ ልምምድ ስናይ ነው ያደግነው፤ ጨዋታ በገንዘብ ነው፣ ልምምድ በነፃ ነው።

እና ልምምድ የሚያይ ሰው ጨዋታ የሚያይ ሰው የማያውቀውን ያያል። ማን በሁለተኛው ቀን እያነከሰ እንደመጣ፣ ማን ሜዳው ዳር ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ በረዶ እንደያዘ (በረዶ ካለ ነው እሱም)፣ ማን በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ እንዳልመጣ።

ነገሩን ከአባ ጅፋር እንጀምረው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በዚያው ዓመት ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ልዩነት በልጦ ዋንጫ ያነሳ ቡድን ነው። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበሩ፤ የሊጉን ኮከብ ግብ አግቢነት የወሰደው ደግሞ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ያን ሐምሌ ጅማ ውስጥ ያልነበራችሁ፣ እኛ ብንነግራችሁም አይገባችሁም። ባጃጁ፣ ጥሩንባው፣ ዝናቡ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? ክረምት ገባ። ገብረመድኅን ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄዱ (በቀጣዩ ዓመት እዚያም ዋንጫ አነሱ፣ ሰውየው ዋንጫ ሻንጣ ውስጥ ይዞ የሚዞር ይመስላል)። አባ ጅፋር በአዲስ አሰልጣኝ አዲስ ዝግጅት ጀመረ። በታኅሣሥ 2011 ደግሞ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ፣ በድምር ውጤት ወደቀ። እኛ ‹‹አህሊን ያሸነፍን›› እያልን እስከ ዛሬ እንኮራለን፤ ልክም ነን። ግን አስቡት፤ የአፍሪካ ኃያል ክለብ የሚጠብቀው ቡድን ክረምቱን የሚያሳልፈው አሰልጣኝ በመቀየር፣ ተጫዋች በማስፈረምና ‹‹ገና ሙሉ አልሆንም›› በማለት ነው። ይሄ የአንድ ክለብ ችግር አይደለም፤ የሊጋችን የቀን መቁጠሪያ ነው። ዋንጫው ከተነሳ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ በ2014 ዓ.ም. አባ ጅፋር ከሊጉ ወረደ። ለዚያ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ጉዳትን ብቻ ተጠያቂ አናደርግም። እዚህ ያነሳነው ስለ ክረምቱ ለማውራት ነው።

የክረምቱ ነገር እንዲህ ነው። የአገራችን ተጫዋች ኮንትራት ብዙውን ጊዜ ሰኔ 30 ያበቃል፣ ከመንግሥት በጀት ጋር አብሮ። ሐምሌ አንድ ሲነጋ ልጁ ክለብ የለውም። ቤተሰብ ጋ ይሄዳል፣ ይተኛል፣ ሽሮም ዱለትም ያገኘውን ይበላል፣ ሠርግ ካለ ሠርግ ይበላል። ክለቦቹ በበኩላቸው አሰልጣኝ ይሾማሉ፣ በጀት ይጸድቅ ይላሉ፣ ስለ ፊርማ ይደራደራሉ። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፦ ‹‹ሰኞ ዝግጅት ይጀመራል፣ ድረስ።›› ስድስት ሳምንት የተኛ ሰውነት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዳገት ይሮጣል።

የእኛ አገር ዝግጅት ደግሞ ‹‹ጉልበት መሙላት›› ነው የሚባለው። እንደ ጀሪካን። ዳገት መሮጥ፣ የስታዲየም ደረጃ መዝለል፣ ጓደኛን ጀርባ ላይ አዝሎ መውጣት… አንዳንዴ ስናይ የእግር ኳስ ልምምድ ነው ወይስ የጆንያ ቡና ማራገፍ ብለን እንጠያየቃለን። ያስመለሰው ‹‹ሰነፍ›› ይባላል፣ ያልተናገረው ‹‹ጀግና››። ጡንቻ ግን ጀግንነት አይገባውም። ጡንቻም ጅማትም የሚጠነክሩት ጫናው ቀስ በቀስ ሲጨመርባቸው ነው፤ ጅማት ደግሞ ከጡንቻም ከሳንባም በጣም የዘገየ ነው። ትንፋሹ በሁለት ሳምንት የተመለሰለት ልጅ ‹‹ዝግጁ ነኝ›› ይላል፣ የተረከዙ ጅማት ግን ገና አልነቃም።

ይሄን እኛ የፈጠርነው አይደለም። የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ባለቤቶቹና ተጫዋቾቹ በደመወዝ ተጣልተው ለወራት ተዘግቶ ነበር። ተጫዋቾቹ ከክለብ ሐኪምና አሰልጣኝ ተለይተው ቤታቸው ከረሙ። ስምምነት ሲደረስ ዝግጅቱ በጥድፊያ ተጀመረ፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ብቻ 10 ተጫዋቾች የተረከዝ ጅማታቸው ተበጠሰ፣ በቀጣዮቹ 17 ቀናት ሁለት ተጨመሩ። የዓለም ሀብታም ሊግ ነው! እነሱ አንድ ዓመት ያጋጠማቸው ነገር ለእኛ ልጆች በየዓመቱ ነው፤ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ሊጉ በራሳቸው ላይ ይዘጋል።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ደግሞ የፕሮፌሽናል ክለቦችን ጉዳት ሁለት የውድድር ዘመን አስመዝግቦ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመው ጥናት አለ። ከመቶ ጉዳት 17ቱ የደረሰው ከውድድሩ በፊት፣ በዝግጅት ጊዜ ነው። ብዙ የተጎዳው ታፋ ነው። የገረመን ግን ይሄ ነው፦ በዝግጅት ጊዜ ይበልጥ የሚጎዱት ከ17 እስከ 25 ዓመት ያሉት ወጣቶቹ ናቸው። ሽማግሌዎቹ እግር መቆጠብ ያውቃሉ። ልጅ ግን አሰልጣኝ ፊት መታየት አለበት፤ ቦታ የለውማ።

አሁን ሜዳውን እናምጣው። ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ቡናው የሚወደው ዝናብ ለሜዳው ጠላት ነው። ነሐሴ ላይ የሰፈር ሜዳ ሜዳ አይባልም፤ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ጭቃ የያዘው ታኬታ አይዞርም፤ ሰውነት ግን ይዞራል። በመካከል ያለው ጉልበት ነው። ኅዳር ላይ ቡና ለቀማው ሲጦፍ ያው ሜዳ ይደርቅና እንደ ሸክላ ይጠነክራል፣ የነሐሴ የእግር ዱካ ሁሉ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ደግሞ ተራው የቁርጭምጭሚት ነው። እርግጥ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሌላ ነገር ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ሊጉ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ ጅማም ተራ ደርሷት ጨዋታዎቹን ያስተናገደችው እዚያ ነው። ግን የአንድ ክልል ክለቦችን ልጅ የሚያፈሩት፣ የአጋሮም የሊሙም የሰካም ልጆች የሚያድጉት በዚያ ሣር ላይ አይደለም።

አሁን ስለ አንድ ልጅ እንንገራችሁ። ስሙን አንጠራም፣ የክለቡንም አንጠራም፤ ሰፈራችን ነው ያደገው፣ እናቱ ቡና ስትጠራ ‹‹ኑ ልጆቼ›› ብላ እኛንም ትጠራለች። ግራ እግር ነው፣ ፈጣን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ክለብ ለሙከራ ጠራው። ሙከራ ማለት እንግዲህ ታውቃላችሁ፤ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ከቡድኑ ጋር ትሠራለህ፣ ከወደዱህ ያስፈርሙሃል። ማረፊያና ምግብ ይሰጡሃል። ወረቀት የለም።

በዘጠነኛው ቀን የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። ‹‹የወዳጅነት›› የሚለው ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባዋል፤ ለሙከራ የመጣ ሃያ ልጅ ለሦስት ቦታ በሚጫወትበት ሜዳ ላይ ምን ዓይነት ወዳጅነት ይኖራል? ዘንቦ ያደረ ሜዳ ነው። ኳስ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሊዞር ሲል እግሩ ቀረ። ማንም አልነካውም። ድምፅ እንደሰማ ነው የሚናገረው፣ ‹‹ጠቅ›› የሚል። ወጌሻው ገብቶ ጉልበቱን ወዲህ ወዲያ አንቀሳቀሰው፣ ‹‹ተጣጥፎ ነው፣ ቀላል ነው›› አለው። ማታ በሙቅ ውኃ ታሸ። በማግሥቱ ጉልበቱ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አደረ። በሦስተኛው ቀን የመሳፈሪያ ተሰጥቶት ወደ ጅማ ተመለሰ። ‹‹ሲሻልህ ደውል።››

አልተሻለውም። በኋላ ሐኪም ሲያየው የፊተኛው የጉልበት ጅማት ነው፤ የኳስ ሰዎች ኤሲኤል የሚሉት። እሱ ከተበጠሰ ቀዶ ጥገና አለ፣ ከዚያ ዘጠኝ ወር ገደማ በባለሙያ እየታገዙ ጉልበትን እንደ ሕፃን እንደገና ማስተማር አለ። በየወሩ ደመወዝ ላለው ተጫዋችም ከባድ ነው። ወረቀት ለሌለው ልጅ ግን ዘጠኝ ወር ማለት በቃ፣ ዘጠኝ ወር እናቱ ትከሻ ላይ ነው።

‹‹እና የማን ጥፋት ነው?›› ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የሜዳው እንበል፣ የዝናቡ እንበል፣ የዕድል እንበል። እኛን የሚያናድደን ጉዳቱ አይደለም፤ ኳስ ውስጥ ጉዳት ይኖራል። የሚያናድደን ከጉዳቱ በኋላ ያለው ባዶነት ነው።

እስኪ ከሩቅ አገር አንድ ሰው እናምጣና እናወዳድር። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚባል፣ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ አላቸው። ኤድዊን ዲያዝ የሚባል የኒው ዮርክ ሜትስ ወርዋሪ ነበር፣ የአምስት ዓመት ኮንትራቱ 102 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 መደበኛው ውድድር ሊጀመር ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ለአገሩ ለፖርቶ ሪኮ በዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ተጫወተ፣ አሸነፉ፣ ከጓደኞቹ ጋር እየዘለለ ሲጨፍር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሲጨፍር! ሙሉ የውድድር ዘመኑ አለፈው። ግን ሰውየው አልተራበም፤ ደመወዙ አልተቋረጠም፣ ውድድሩ ኢንሹራንስ ነበረው። በዚያ አገርም ከውድድር በፊት ያሉት ሳምንታት አስጊ እንደሆኑ አውቀውታል፤ የቤዝቦል ሊጉ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ጥናት የወርዋሪዎች ጉዳት የሚበዛው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ባለው የዝግጅት ጊዜ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ችግሩን ቆጥረውታል ማለት ነው። የኛ ልጅ ጉልበት ግን የትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ሕግ የለም እንዳትሉን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው የሕክምና ወጪውን እንዲሸፍን ያስገድዳል። ነገር ግን አዋጁ ስለ ‹‹ሠራተኛ›› ነው የሚያወራው። ሙከራ ላይ ያለ ልጅ ምንድነው? እንግዳ? ጎብኚ? ፌዴሬሽኑ በ2011 ዓ.ም. የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቶ ነበር፤ ስለዚያ ጣሪያ በሬዲዮ ስንት ሰዓት ክርክር ሰምተናል። ስለ ወለሉ፣ ማለትም ለሙከራ ለመጣ ልጅ የሁለት ሳምንት ኢንሹራንስ ስለመግባት፣ አንድ ደቂቃ ሲወራ አልሰማንም። ሃያ ልጅ፣ ሁለት ሳምንት። ከአንድ ፈራሚ የፊርማ ገንዘብ አንፃር የሻይ ነው።

ስለ ወጌሻም ሳንናገር አናልፍም፣ ቅር እንዳይላችሁ ግን። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሰው ነው፤ እኛም ልጅ ሆነን ክንዳችን ሲወልቅ የመለሱልን አባት ነበሩ፣ እጃቸው ይባረክ። የእግር ኳስ ቡድኖቻችንም ባለሙያቸውን እስከ ዛሬ ‹‹ወጌሻ›› ነው የሚሉት፤ ዛሬ ከነሱ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ጎበዞች አሉ። ችግሩ ማሸት ላይ ነው። ጡንቻ ወይም ጅማት ሲበጠስ ውስጥ ውስጡን ይደማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሙቅ ውኃና እሽታ ያንን ደም ያበዛዋል፣ እብጠቱን ይጨምረዋል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ማሰር፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ማቀዝቀዝና ማሳረፍ ነው። አጥንት የተሰበረ ከመሰለ ደግሞ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ራሱ አደጋ ነው፤ ደም ያጣ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሜዳው ዳር ‹‹አትንኩት›› የሚል አንድ ደፋር ሰው ነው።

ደስ የሚለው ወሬ አሁን ነው የሚመጣው። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ፊፋ ‹‹11 ፕላስ›› የሚባል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አለው፤ 15 እንቅስቃሴዎች፣ 20 ደቂቃ፣ ዕቃው ኳስ ብቻ። ቀስ ያለ ሩጫ፣ የሆድና የታፋ ማጠንከሪያ፣ በአንድ እግር መቆም፣ መዝለልና ጉልበትን ሳያጣምሙ ማረፍ፣ ከዚያ ፈጣን ሩጫ። ኖርዌይ ውስጥ በ1,892 ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት ጉዳትን በሲሶ ያህል፣ ከባድ ጉዳትን ደግሞ በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ‹‹እሱ ኖርዌይ ነው›› እንዳትሉ፣ ሌጎስም ተሞክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ጥናት በወጣት ወንድ ተጫዋቾች ላይ ጉዳት 41 በመቶ ወረደ። ሌጎስ! ሜዳቸውን ያየ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። ሁለት ልጅ ይበቃል። አንዱ ይንበረከካል፣ ሌላው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን ይይዝለታል። የተንበረከከው ወገቡን ሳያጥፍ፣ ቀጥ ብሎ፣ በጣም ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል፣ የኋላ ታፋው እስከቻለ ድረስ ራሱን እየያዘ። ሲያቅተው በእጁ ያርፋል። ዴንማርክ ውስጥ 50 ቡድኖች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጥናት አዲስ የኋላ ታፋ ጉዳትን ከ60 በመቶ በላይ፣ ተመልሶ የሚያገረሸውን ደግሞ 85 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ግን እዚህም በመጀመሪያው ሳምንት አብዝቶ መሥራት አይገባም፤ የማይለምደውን ሰው ጡንቻው ታምሞ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። በትንሹ ይጀመራል፣ በየሳምንቱ ይጨመራል። ያው ያልነው ነገር ነው፣ ጀሪካን አይደለም።

እኛም እንደ ጋዜጠኛ ራሳችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። የስፖርት ሚዲያችን በክረምት የሚሠራው ምንድነው? ማን ፈረመ፣ በስንት ፈረመ፣ ማን ሊፈርም ነው። ‹‹ለሙከራ ከመጡት ስንቱ ተጎድቶ ተመለሰ?›› የሚል ጥያቄ በአንድም የአሰልጣኝ መግለጫ ላይ ሰምተን አናውቅም። ጥያቄው ቢለመድ ክለቡም መልስ ይለምዳል። መልስ ለመስጠት መመዝገብ አለበት፤ ቀኑን፣ ሜዳውን፣ የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንዳረፈ። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ። አውሮፓ ያለው ትልቁ የክለቦች የጉዳት ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው ሌላ ተአምር ሳይሆን ይሄንኑ ነው፤ የኋላ ታፋ ጉዳት ከጠቅላላው ከ12 በመቶ ተነስቶ በሃያ ዓመት ውስጥ 24 በመቶ እንደደረሰ ያወቁት በመመዝገብ ነው።

የሰፈራችን ልጅስ? ቀዶ ጥገናው እስከ አሁን አልተሠራለትም። ቀጥ ብሎ ይራመዳል፣ ባጃጅ ይነዳል፣ ለመዞር ሲሞክር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩን ታዳጊዎች ያሠራል። 11 ፕላሱን ከስልኩ ላይ አሳይተነው ነበር፣ መጀመሪያ ሳቀብን፣ ከዚያ ወሰደው። ልጆቹ ኳስ ሳይነኩ 20 ደቂቃ መቆየት ሞት ነው የሚመስላቸው፣ ያጉረመርማሉ፣ አንዱ ሁሌም ‹‹ሽንቴ መጣ›› ይላል። ተንበርክኮ የመውደቁን ነገር ግን ወደውታል። ስም አውጥተውለታል፤ ‹‹ስግደት›› ይሉታል። ባለፈው ቅዳሜ ዘንቦ ነበር፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ካለው ደረቅ ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተራ ይዘዋል፤ እሱ ደግሞ ከአንዱ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ቁርጭምጭሚት ይዞ ‹‹ቀስ! ቀስ በል አልኩህ!›› እያለ ይጮህበታል።